ላልነበረ ጉንዳን የመጣ ዝንብ

አሰብ ወደብ ሥራ የጀመርኩ ቀን አንድ አጉሊ መነጽር፣ አንድ መቆንጠጫ፣ አልኮል የተሞሉ ብልቃጦችና ማኅተም ፈርሜ ተረከብኩ። የዕፅዋት ኳራንቲን ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ በመርከብ የሚገባውን እህልና ችግኝ መርምሬ ተባይ ያለበትን አግዳለሁ። አብሮኝ የሚሠራው በአሰብ አጠገብ ካለችው ራሔይታ የመጣው ዑመር ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ጆንያ ሳይፈታ ነቀዝ መኖሩን በማሽተት ብቻ ይለያል።

አንድ ጠዋት አለቃችን አቶ ደበበ ቤታቸው አስጠሩን። የግቢያቸው ቁጥቋጦ ቅጠሉ አልቋል፤ ከሥሩ ጉንዳኖች ቁርጥራጭ ተሸክመው ይርመሰመሳሉ።

«አየህ ግርማ! ቅጠል ቆራጩ ጉንዳን ገብቶብናል» አሉኝ። ውጭ አገር ሄደው ሲሠለጥኑ ሥዕሉን አይተዋል።

«ጌታዬ፣ ያ ጉንዳን የሚኖረው በአሜሪካ አህጉር ቆላ ነው። እኛ ዘንድ የለም።»

ዑመር አጥሩን ዞሮ አየና፣ «ይህን የበላው ፍየል ነው። ጉንዳኑ የወደቀውን ነው የሚለቅመው» አለ። በጠጡንም አሳያቸው።

አቶ ደበበ ግን ጉንዳኑ ገብቷል ብለው አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት ቀድመው ጽፈው ኖሯል። ዑመር በዚያው ሳምንት የአጥሩን ቀዳዳ በእሾህ ዘጋው።

ከወራት በኋላ በመርከብ አንድ ሣጥን መጣልን። ዋናው መሥሪያ ቤት ጉንዳን የሚገድል ዝንብ አዝዞ ነው። ዝንቡ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰ ነው። እንስቷ ጉንዳኑ ላይ ታንዣብብና ዕንቁላሏን ሰውነቱ ውስጥ ታስገባለች። ትሉ ከውስጥ እየበላው ያድጋል፤ በመጨረሻ የጉንዳኑ ጭንቅላት ተቆርጦ ይወድቃል። እውነቱን ለመናገር አስደናቂ ፍጥረት ነው። ግን የለመደውን ጉንዳን እንጂ ያገኘውን ሁሉ አይነካም።

ሣጥኑን ስከፍት ሁሉም ሞተዋል።

«ሞቱ ብለህ አትጻፍ፤ ደረሱ በል» አሉ አቶ ደበበ።

«ደርሰዋል፤ ሞተዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ቁጥቋጦው በበኩሉ አቆጠቆጠ። ፍየሎቹ መግቢያ አጥተው ነው። አቶ ደበበ የዝንቡ ሥራ ነው ብለው ለጎረቤት ሁሉ አወሩ።

ቆይቶ ዑመር ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ጠራኝ። «ና፣ ጎንበስ በል።» በአገራችን ጉንዳኖች ላይ ትንንሽ ዝንቦች ያንዣብባሉ! ጉንዳኖቹ ሲያዩዋቸው ይደናበራሉ። ደስ አለኝ። ጥቂቱን በብልቃጥ ይዤ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላክሁ፤ «ይህ የራሳችን ዝንብ ነው፤ ከውጭ ከመጣው ጋር ግንኙነት የለውም» ብዬም አሰመርኩበት።

መልሱ፣ «የተላከው ዝንብ ከአሰብ አየር ጋር መስማማቱን ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን። ተጨማሪ ታዝዟል» ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማረሚያ ጻፍኩ፣ ደገምኩ፤ ዝም። አቶ ደበበ፣ «ምስጋና መጥቶልህ ምን ያነጫንጭሃል?» አሉኝ።

ሁለተኛው ሣጥን መስታወት ነበረው። ዝንቦቹ በመንገድ እንዳይሞቱ ከነምግባቸው ተልከዋል፤ ምግባቸው ደግሞ ሕያው ቅጠል ቆራጭ ጉንዳን፣ ከነንግሥቱ፣ ከነጎጆው። በአሰብ መሬት ያንን ጉንዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ያመጣነውም እኛው ነን!

«ክፈተውና ግቢዬ ይለቀቅ» አሉ አቶ ደበበ።

«ጌታዬ፣ ይህ ካመለጠ በአንድ የጭነት መኪና አዋሽ ጥጥ እርሻ ይደርሳል።»

«ትእዛዝ ነው!»

«ሕያው ተባይ እንዳይገባ ማገድም ትእዛዝ ነው» አልኩና የእግድ ማኅተሜን መታሁበት። ከሥራ ሊያስባርረኝ እንደሚችል አውቅ ነበር፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ዑመር በተቆረጠ በርሜል ናፍታ አመጣ። ሣጥኑን እዚያው ወደቡ ላይ አቃጠልነው፤ አመዱንም በዘንግ አገላብጠን አየን።

በወሩ ጥዖ ወደምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ተዛወርኩ። እዚያ የሚመረመር ችግኝ የለም፤ የደረቀ ዓሣ ሳይ ሁለት ዓመት ከረምኩ። አቶ ደበበ አዲስ አበባ ተሾሙ። ጉንዳኑ ግን አልገባም።

ለዛሬ ተቆጣጣሪዎች የምለው ይህን ነው፦ ተባዩን ይዛችሁ ምንነቱን ሳትለዩ መድኃኒት አትዘዙ። የሞተውንም ሞተ ብላችሁ ጻፉ፤ ባያነቡላችሁም።