ምራት የማትጠራው ቃል

ጎረቤቴ አቶ ዎልዴ ይባላሉ። በእኛ በሀዲያ፣ ምራት የአማቷ ስም በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ከአፏ አይወጣም። ስለዚህ የልጃቸው ሚስት ጥሩነሽ ውሃን በሀዲይኛ «ዎኦ» አትልም፤ የአማርኛውንም ስለሚቀራረብ ትፈራዋለች።

ባለፈው ሽማግሌውን ቆጮ አነቃቸው። ቤታቸው ጠብታ ውሃ የለም። ጥሩነሽ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ፣ «እትዬ፣ ሞያ! ሞያ!» ትለኛለች። ዐረብ አገር ሠርታ የመጣች ናት፤ እኔ ዐረብኛ የት አውቄ!

«ምንድነው እሱ፣ መድኃኒት ነው?»

«ኧረ የሚጠጣው! አባባ ታነቁ!»

«ለስላሳ ነው?»

ይኼኔ ጨነቃትና «ዎኦ!» ብላ ጮኸች። ጀሪካኔን ይዤ ሮጥኩ። ሽማግሌው ጠጡ፣ ተነፈሱ። ገና እንባቸው ሳይደርቅ ወደ እኔ ዞረው፣ «ምን ብላ ነው የጠራችሽ?» አሉኝ።

«በዐረብኛ» አልኳቸው።