ትከሻዬ የጮኸ ዕለት

ከዓረብ አገር ይዤ የተመለስኩት የትከሻ ሕመም ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሽባ አሮጊት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ቤት ስሸከም ኖሬያለሁ። እብናት ቤተሰቦቼ ዘንድ ስገባ አንገቴ አይዞርም፤ ራሴን ይፈልጠኛል። ታላቅ ወንድሜ «ሥራ ጠልታ ነው» አለ። ጸበል ተጠመቅሁ፤ አልተሻለኝም።

በመጨረሻ ደብረ ታቦር አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በዕድሜ የምታንሰኝ ልጅ ናት። ትከሻዬ ላይ ሳንቲም የሚያካክሉ ነገሮች ለጥፋ በሽቦ ከትንሽ ማሽን ጋር አገናኘቻቸው። ጡንቻ ሲወጠር ማሽኗ ትጮኻለች፤ ሲላላ ዝም ትላለች።

«በይ እህቴ፣ ትከሻሽን ልቀቂው።»

«ለቅቄዋለሁ።»

ማሽኗ ትጮኻለች።

«አለቀቅሽውም።»

«ለቅቄዋለሁ እኮ! ማሽንሽ ተበላሽታ እንዳይሆን!»

ደሜ ፈላ። ስድስት ዓመት «ፍጠኚ» ስባል ኖሬ፣ ዛሬ ደግሞ የገዛ ሰውነትሽን አታውቂውም ልባል? ያውም በዕቃ! ልጅቷ አልተቆጣችም። «መጀመሪያ ሆን ብለሽ እስከ ጆሮሽ ወጥሪው፤ ከዚያ እየተነፈስሽ ጣይው» አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ። ጩኸቱ ቀነሰ፣ ቀነሰና ጠፋ። ለካ እስከዚያች ቀን ቁጭ ብዬም ተኝቼም ወጥሬው ነበር! በእልህ አለቀስኩ።

በአራተኛው ቀጠሮ ወንድሜ አብሮኝ መጣ። ማሽኗ ዝም ብላለች። በሩ ላይ እንደቆመ «ይኸው ድነሻል» አለ። «ደላላውን አነጋግሬዋለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ትመለሻለሽ።»

ማሽኗ እሪ አለች።

«ምን ሆነ?» አለ ደንግጦ።

«እርስዎ ሲናገሩ ትከሻዋ ተወጥሮ ነው» አለችው ልጅቷ።

ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። «አያ፣ ስድስት ዓመት አልበቃህም? የያዝህብኝን ፓስፖርቴን አምጣ! ከፈለግህ አንተው ሄደህ ተሸከም!»

ታላቄን እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ፊቱ ጠቁሮ ወጣ። ፓስፖርቴን በሳምንቱ በእናቴ እጅ ላከልኝ።

ለሁለት ወር ተመላለስኩ። ውሎ አድሮ ያለ ማሽንም መወጠሬን ማወቅ፣ አውቄም መልቀቅ ቻልኩ። ራስ ምታቱ ቀለለኝ፤ እንቅልፍም መጣልኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም። ወንድሜ አያናግረኝም። እናቴ «ታላቅሽ ነው፣ ይቅርታ ጠይቂው» ትለኛለች።

አልጠይቅም። እሱ ይጠይቀኝ።