ከቅጥሩ ውጭ የሰማሁት ክርስትና

አብሮ አደጌ ደባርቅ ላይ ሴት ልጅ ወልዳ የክርስትና እናት እንድሆናት ጠየቀችኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

«ብቻ አደራ፣ በዚያ ሱሪሽ እንዳትመጭብኝ» አለችኝ በስልክ።

የምሠራው ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ቡይት ራስ ካለ ሎጅ ነው። ብርዱ አጥንት ድረስ ስለሚገባ ሱሪና ጃኬት ከላዬ አይወርድም። የጓደኛዬ አማት ደግሞ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም፤ ቅዳሴ ላይ ነጠላዋ የተንሸራተተባትን ሴት ከኋላዋ መጥተው ራሷን ይሸፍኗታል። ስለዚህ መሬት የሚነካ ነጭ ቀሚስ አሰፋሁ። እጅጌው አጠረ ብዬ ልብስ ሰፊው ዘንድ መለስሁት። ነጠላ መስቀለኛ ማጣፋትም መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድሁ።

የክርስትናው ዕለት ማለዳ ጓደኛዬ ቤት ስታጠብ ደም አየሁ። የወር አበባዬ ያለ ጊዜው መጥቷል።

ቀሚሱን ለበስሁት፣ አወለቅሁት፣ መልሼ ለበስሁት። ሴት በዚያ ጊዜ ቤተ መቅደስ እንደማትገባ እየሰማሁ ነው ያደግሁ። ግን ማን ያውቅብኛል? ቀሚሱ እስከ እግር ጥፍሬ ሸፍኖኛል።

ጓደኛዬን ጠርቼ በጆሮዋ ነገርኋት።

«ዝም በይ። ማን ያይሻል?»

«ታቦቱስ?»

«ለልጄ ስትይ!» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ልቅሶዋን ሰምተው አማቷ ገቡ። የሆነውን ስነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጎረቤታቸውን አስጠሩ። ሕፃኗን ክርስትና የምታነሣት እሷ ሆነች።

«አንቺ ግን ቤት እንዳትቀሪ» አሉኝ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቁመሽ ጸልዪ።»

መቆሙ አልሆነልኝም። እስከ ማዕዘኑ ሄድሁ፣ ተመለስሁ። ነጠላዬን ፈታሁ፣ ደግሜ አጣፋሁ። ከመንገዱ ማዶ ባጃጆች ሰው ይጠራሉ። የጸሎቱ ድምፅ ሄድ መጣ ሲል አሁን ምን ላይ ደረሱ እያልሁ እጨነቃለሁ። ድንገት የሕፃኗ ጩኸት ተሰማ፤ ቀዝቃዛው ውኃ ነክቷታል። እግሬ ወደ በሩ ተራመደና ደፉ ላይ ቆመ። ጎረቤቷ ከጥምቀቱ በፊት ስለ ልጅቱ ሰይጣንን የካደችበትን ቃል እኔም ለብቻዬ አልሁት። ይቆጠርልኝ አይቆጠርልኝ አላውቅም።

ሲወጡ እጄን ዘረጋሁ።

«ቆርባለችና ዛሬ ይቅርብሽ፤ ነገ ትታቀፊያታለሽ» አሉ አማቷ፣ ቀስ ብለው።

ቀኑን ሙሉ ድግሱ ላይ ወጥ ሳወጣ ጓደኛዬ አላነጋገረችኝም። በማግሥቱ ልጅቱን አቀፍኋት፤ ተኝታ ነበር። ልሄድ ስል ጓደኛዬ እስከ መኪናው ሸኘችኝ።

«እኔ ብሆን እገባ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ተቀይሜሻለሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

አቅፋ ሳመችኝ። ዛሬ ልጅቱ አፍ ፈትታለች፤ ክርስትና ያነሣቻትን ጎረቤት «እናቴ»፣ እኔን «አክስቴ» ትላለች። ስትጠራኝ ደስ ይለኛል፤ ደግሞም አንድ ነገር ውስጤን ይቆረቁረኛል። ብገባ ኖሮ ይህ መቆርቆር ይቀርልኝ ነበር ወይስ ይብስብኝ፣ እስካሁን ለራሴ መልስ አላገኘሁም።