አንዴ ብቻ ጠየቅኳቸው

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ፊታቸው ቀርቤ ስለ መጠጡ፣ ስለ ሐሜቱ፣ ስለቀረሁበት ቅዳሴ ሁሉ ዘርዝሬ፣ እዚህ ጋ ስደርስ አፌን ዘግቼ ተነስቻለሁ። አንተ አንባቢዬ ግን አታውቀኝም፣ መንገድ ላይም አታገኘኝም፤ ስለዚህ ላንተ መናገር ይቀለኛል። ይቀለኛል ማለቴ ራሱ ፈሪነት ነው፣ እሱንም ጨምረህ ያዝብኝ።

የሰው ኑሮ አበላሽቻለሁ። ሰውየው በሕይወት አሉ፤ ዛሬም ሲያገኙኝ ጉንጬን ስመው ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል። ያበላሸሁት ግን እኔ ነኝ፣ ያበላሸሁትም እያወቅኩ ነው።

ጊዜው የዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ አገሩ ሲያትል ነው። ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይቼ እኖር ነበር። ያኔ የተራራ ሳይክል ልክፍት ይዞኝ ነበር፤ ጓደኞቼ መኪና እያለው በእግሩ የሚደክም ሞኝ እያሉ ይስቁብኛል። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ካርታ ወለሉ ላይ ዘርግቼ በጉልበቴ እየተንፏቀቅኩ መንገድ እነድፍ ነበር። ከኖርዝ ቤንድ ተነስቶ፣ ተራራውን ተሻግሮ፣ ኤለንስበርግ የሣር እርሻዎች ላይ የሚያበቃ የሦስት ቀን ጉዞ ነው። አስፋልት ባየሁበት ሁሉ እርሳሴን አዞርኩ፤ መኪና የማይሰማበት፣ ሰው የማይታይበት ገጠር ነበር የፈለግኩት። መሐል ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የታችኛው የድሮ የባቡር ሐዲድ የተነሳበት ሜዳ ነው፣ ሕፃን ይነዳዋል። የላይኛው የእንጨት ጫኝ መኪኖች ትተውት የሄዱት የተራራ ጠጠር መንገድ ነው። ያሰመርኩት በላይኛው ነበር። ያንን መስመር ከሰው አብልጬ ወደድኩት ብል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ዓመት ጋሼ ታምራት መጡ፤ የአክስቴ ልጅ የሰናይት ባል ናቸው። ዲቪ ደርሷቸው ብቻቸውን ቀድመው ገቡ፣ ሰናይትና ትንሿ ልጃቸው እሳቸው ሲደላደሉ ሊከተሉ። ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ አዲስ አበባ የራሳቸው ፀጉር ቤት ነበራቸው፣ እዚህም ኦቴሎ አካባቢ አንድ የአገራችን ሰው ፈቃድዎ እንደወጣ ወንበሩ የእርስዎ ነው ብሏቸዋል። እስከዚያ የሚተኙት እኔ ሶፋ ላይ ነው።

የመጡ ቀን እራት ሳቀርብ በልቻለሁ አሉ። በሞቴ አልኳቸው። ጠግቤአለሁ አሉ። እንደገና በሞቴ፣ እንደገና። ከዚያ በኋላ ሳህኑን ጠረጉት፤ ከበረራው ጀምሮ ምንም አልቀመሱም ነበር። እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በል፤ የጋሼ ታምራት የመጀመሪያ ቃል ቃላቸው እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ቀን አውቄአለሁ። ማን ሐበሻ ነው ይህን የማያውቅ?

አብሮኝ ሊሄድ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ በመጨረሻው ሳምንት ቀረ። ብቻዬን ጫካ ማደር ፈራሁ። ፍርሃቴን ግን እንደ ግብዣ አድርጌ አቀረብኩት፤ ጋሼ፣ ይምጡ፣ አገር ያያሉ አልኳቸው። እሺ አሉ። ምን ይበሉ? ቤቴ የተጠለሉ ሰው ናቸው።

ለልምምድ ብዬ ባልደረባዬ የተወልኝን ሳይክል ሰጥቼ ወደ ስካይዌይ የሚያወጣውን ዳገት ይዣቸው ወጣሁ። ግማሽ ላይ ወርደው በእግራቸው መግፋት ጀመሩ። ዞር ስል ሐይቁን ልየው ብዬ ነው አሉኝ፤ ሐይቁ በጀርባቸው በኩል ነበር። ቁልቁለቱን ስንወርድ ደግሞ የፊቱን ፍሬን በሙሉ መዳፋቸው ጨምቀው እንደያዙት አየሁ። አደገኛ ነው፣ የኋላውን ይያዙ ማለት ነበረብኝ። ጎበዝ አልኳቸው። ካስተማርኳቸው እንደማይችሉ ማመኔ ነው፣ ካመንኩ ደግሞ መስመሬን መለወጥ ሊኖርብኝ ነው። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ሳላስብ የሠራሁት አንድም ነገር የለም።

በሁለተኛው ቀን መንገዱ ከሚከፈልበት ቦታ ደረስን። ጋሼ ታምራት ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ጉልበታቸውን ይዘው ቆመዋል። በስተግራ ሜዳው፣ በስተቀኝ ዳገቱ። ያን ጊዜ ጠየቅኳቸው።

"ሶ ጋሼ፣ በላይኛው እንሂድ? ኦኬ ነው?"

"ችግር የለም፤ አንተ እንዳልክ።"

ከዚያም ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ያንን አስተያየት አሁንም አየዋለሁ። እየጠበቁ ነበር። አንዴ ልድገምላቸው፣ ኧረ ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ በሞቴ ልበላቸው እየጠበቁ ነበር። አንድ ቃል ብጨምር እውነቱን ይነግሩኝ ነበር። እኔ ግን በአማርኛ የጠየቅኩትን ሰው እንደ ፈረንጅ ሰማሁት። ሰውየው እሺ ብሏል፣ አለቀ። ለእራት ሦስቴ የለመንኩ ሰው ለነፍሳቸው አንዴ ብቻ ጠየቅኩ። ለምን? መስመሬን ስለፈለግኩ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ዳገቱን በስንት መከራ ወጡ። ቁልቁለቱ ላይ፣ አንድ መታጠፊያ ጋ፣ የፊቱን ፍሬን ጨመቁ። ሳይክሉ ተገልብጦ ቀኝ እጃቸው ላይ ወደቁ። ስደርስ አንጓቸው ከቦታው ወጥቶ ነበር፣ አጥንቱ የሚታይ መሰለኝ። መኪና እንዳይገኝበት ለቅሜ የመረጥኩት መንገድ ነውና መኪና አልተገኘም። ፀሐይ አዘቅዝቃ አንድ ገበሬ ከብት ፍለጋ በፒክአፕ እስኪመጣ ተቀመጥን። ያን ሁሉ ሰዓት እኔ አለቅስ ነበር፤ አይዞህ የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ።

ሰናይት ከአዲስ አበባ ስትደውል ሆስፒታል ነበርኩ። ጮኻ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ጠይቀኸው ነበር? እሱ እኮ እንቢ ማለት አያውቅም።"

"ጠይቄአቸዋለሁ፤ ችግር የለም አሉ" አልኳት።

ውሸት አለበት? የለበትም። ቃል በቃል እውነት ነው። ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ከዚያ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ለጓደኛው፣ ለዘመዱ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ከንፈሩን ለሚመጥልኝ ሁሉ ያንኑ እውነት ደገምኩት። ሰው ሁሉ አንተ ምን ታደርግ አለኝ። እኔም ምን ላድርግ ብዬ አንገቴን ሰበርኩ። የጠየቅኩት አንዴ ነው፣ ጠይቄአለሁ ያልኩት ግን ቁጥር የለውም።

እጃቸው ዳነ ይባላል። ዕቃ ያነሳል። መቀስ ሲይዝ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ምላጭ በሰው አንገት ላይ ሊያሳርፉ አይችሉም። የኦቴሎው ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጋሼ ታምራት የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆኑ፣ መደላደል የሚባለው ነገር ራቀ፣ ሰናይትና ልጅቷም ሳይመጡ ዓመታት ቆዩ። ሲመጡ ኤርፖርት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። የእቅፍ ልጅ ሳለች ትተዋት የመጡት ልጅ አድጋ፣ ከእናቷ ኋላ ቆማ፣ ለአባቷ እጇን ዘረጋች፤ "እንደምን ነዎት?" አለቻቸው። አባቷን አንቱ አለች፣ ለማታውቀው ሰው እንደሚባለው። ጋሼ ታምራት ጎንበስ ብለው በዚያች በተጎዳች እጃቸው ጨበጧት። እኔ ሻንጣ ላነሳ ዞርኩ።

ይቅርታ ለምን አትጠይቃቸውም ትለኝ ይሆናል። ብጠይቃቸው የሚሉኝን አውቀዋለሁ። ገና ሳልጨርስ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ ምን አደረግከኝ ብለው ትከሻዬን ይይዛሉ። የመጀመሪያ ቃላቸው ነው፣ አላምነውም። እንግዲያው ደግሜ መጠየቅ አለብኝ፣ ከዚያም ሦስተኛ፤ ያኔ ይሉኝታቸውን ትተው እውነቱን ይነግሩኛል። እኔ የምፈራው እሱን ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ አንዴም አልጠየቅኳቸውም።