ውጅግራ የመረጠውን ሰው ፍለጋ ጉንደ ወይን ድረስ

አባቴ በየበዓሉ የሚሸማቀቅበት አንድ ጨዋታ አለ። አያቱ ስምንት ጥይት የሚጎርስ ባለ ካዝና ጠመንጃ ሰጥቶ፣ አንዴ ተኩሰው እንደገና የሚያጎርሱትን ውጅግራ ለውጧል። ባለቤቴ ጠላ ቀመስ ሲያደርግ፣ «አባባ፣ የእናንተ ዘር እኮ በሬ ሰጥቶ ፍየል ይገዛል!» ይላል። አባቴም አብሮ ይስቃል፤ ያን ማታ ግን ቶሎ ይተኛል። ዘንድሮ እኔ ልጁ እውነቱን ላጣራ ተነሣሁ።

ቅዳሜ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ከደብረ ማርቆስ

ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ጆንያ ሽንኩርትና አንድ ወፍራም ቄስ መሃል ተቀመጥኩ። ማሳው ሁሉ በኑግ አበባ ቢጫ ለብሷል። ቢቸና ላይ ፍርፍር በልቼ መኪና ቀየርኩ፤ ደብረ ወርቅን አልፌ እኩለ ቀን ላይ ጉንደ ወይን ገባሁ።

የፈለግኳቸው ሐጂ እንድሪስ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አያታቸው በበቅሎ ጥይት ያመላልሱ የነበሩ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ታሪኬን ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ሐጂ፣ እርስዎም ይስቁብኛል?»

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እንወዳደር።»

ሱቁ ደጃፍ ላይ ባዶ ጣሳ አስቀመጡና ሃያ ሃያ ፍሬ የሽምብራ ቆሎ ተካፈልን። እኔ እንዳሻኝ በፍጥነት፣ እሳቸው አንድ አንድ እያሉ ጣሳውን መምታት ነው። አዘነብኩታ! ጣሳው ሁለቴ ብቻ ጮኸ። እሳቸው ገና አራተኛዋን እያነጣጠሩ ነው።

«በይ ተኩሺ እንጂ!»

«በምን ልተኩስ?»

«ይኸው! የፈረንጅ ጦር አለቆችም ባለ ካዝና ለወታደር እንዳይሰጡ የፈሩት ይህንን ነው። ወታደር ሲደነግጥ ያለውን ባንድ አፍታ ይጨርሳል፤ ጥይቱ ግን ከኋላ በጋሪ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያዎቹ ባለ ካዝናዎች ደግሞ ጥይታቸው ሩቅ አይደርስም፤ አቧራ ሲገባባቸውም ጥይቱን ነክሰው ይይዛሉ፣ አይተኩሱም። የአንድ አገር ጦር የያዘውን ሁሉ ጥሎ አዲስ መግዛትስ ቀላል ነው?»

«የእኛውስ ሰውዬ?»

«የዚያ ጠመንጃ ጥይት እዚህ ገበያ የት ተገኝቶ! አያቴ የሚያመጡት የውጅግራ ነበር። ቀለሃውም ባሩድ እየተሞላ ደግሞ ይተኮሳል። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ምርኩዝ ነው ልጄ። ሰውዬው ብልጥ ነበር!»

ደስ ብሎኝ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። ሻይና ማር የተቀባ ዳቦ ጋብዘውኝ፣ መርቀው ሸኙኝ።

እሑድ ማታ ቤቴ

በሰው ምርጫ የምንስቀው ያን ጊዜ ገበያው ላይ ምን እንደነበረ ሳንጠይቅ ነው፤ መንገዱ ያስተማረኝ ይህንን ነው። ሁሉንም ባለቤቴ ባለበት ለአባቴ ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ወደ ባለቤቴ ዞረ።

«አሁን ደግሞ አንተ ንገረኝ። ከተሳሳትህ አርምሃለሁ።»