ሚዛኑ ዋሽቷል ያልን ጊዜ

ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ሠርቻለሁ። የከተማው ደብዳቤ ሁሉ በእጄ ሲያልፍ አንዱንም ከፍቼ አላነበብኩም። ጡረታ ስወጣ ታዲያ የዚያ ሁሉ ዓመት የማወቅ ጉጉት በአንድ ጊዜ ወጣብኝ፤ ጎረቤቶቼ መስኮታቸውን መዝጋት የጀመሩት ያኔ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የዚህ ታሪክ ጥፋት ግማሹ የእኔ ስለሆነ ነው። ግማሹ የሁለት ጣት ነው።

ሁለት ጣት የምንላት ልብስ ሰፊዋን ነው። ጣቶቿ እንኳ አሥሩም ሙሉ ናቸው። ስሙ የወጣላት ልብስ ስትቆርጥ በየጎኑ ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፋ ስለምትተው ነው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት “ዛሬ የለካሁት ሰው ነገ ያው ሰው አይሆንም” ትላለች። ዛሬም ከፋርማሲው ፊት ለፊት ባለችው አንድ ክፍል ሱቋ ቁጭ ብላ ትሰፋለች። አንድ የእግር መኪና፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መሀል ላይ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቁመት ሙሉ መስታወት፤ ንብረቷ ይኸው ነው። ስፌት የተማረችው በአሥራ አምስት ዓመቷ ከአክስቷ ነው። ባሏ ቶሎ ሞተባት፣ ሁለት ሴቶች ልጆቿን በዚያች መኪና አሳድጋ ዳረች፣ ሁለቱም ሩቅ ከተማ ገቡ። ማን እንዳረገዘች ከእናቷ ቀድማ በሜትሯ የምታውቅ፣ አውቃም ትንፍሽ የማትል ሴት ናት። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ኖሮ ይህች ከተማ እስካሁን ተበትና ነበር።

እንግዲህ እኛ አራት ሴቶች የመክሳት ማኅበር አቋቋምን። ሊቀመንበሯ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ናት፤ ሌላ ሰው ሊቀመንበር ይሁን ማለት የማይታሰብ ስለነበር ማንም አላለም። ሁለተኛዋ ፋርማሲስቷ ናት፤ ከተማው ሁሉ “ዶክተር” ይላታል፣ አይደለሁም ማለት ደክሟት ተወችው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ በዕድሜ ስለምበልጣቸው “እትዬ” ይሉኛል። አራተኛዋ ሁለት ጣት ስትሆን ገና በመጀመሪያው ቀን “እኔ ምግብ አልተውም፤ የምመጣው ለወሬው ነው” ብላ በግልጽ ተናገረች። ሕጉ ቀላል ነበር። ዳቦ የለም፣ ኬክ የለም፣ ስኳር የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በፋርማሲው ሚዛን ላይ እንወጣለን፣ ፋርማሲስቷ በየካርዳችን ትጽፋለች።

ጉዱ የጀመረው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ዳይሬክተሯ ጉርድ ቀሚሷ ወገቧ ላይ እየላላ መጥቶ፣ በድል ስሜት ሚዛኑ ላይ ወጣች፤ ሁለት ኪሎ ጨምራለች። እኔ ዓመት ሙሉ አልቆለፍ ያለኝ ቀሚሴ ያለ ትግል ተቆልፎልኝ ወጣሁ፤ ኪሎ ተኩል ጨምሬያለሁ። ፋርማሲስቷም ነጭ ጋዋኗ ሰፍቷት አንድ ኪሎ ጨመረች። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ በወረቀት የተጠቀለለ ኬክ ስትገምጥ የነበረችው ሁለት ጣት ግን ሦስት ኪሎ ቀነሰች። በስድስተኛው ሳምንት እኛ ልብሳችን እየሰፋ ኪሎአችን ጨመረ፣ እሷ ኬኳን እየበላች ሰባት ኪሎ ወረደች።

“ይኼ ሚዛን አብዷል!” አለች ዳይሬክተሯ።

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ምን ይመጣል? ጎመን የበላ እየወፈረ ኬክ የበላ የሚከሳበት ሚዛን ጤነኛ ሊሆን አይችልም። ቤቴ ገባሁና ብዕር አነሳሁ። ዕድሜዬን የሰው ደብዳቤ ሳመላልስ ኖሬ በመጨረሻ የራሴን ጻፍኩ፤ ለጤና ቢሮ፣ “ከአንድ ተቆርቋሪ ነዋሪ”። የፋርማሲው ሚዛን ይታይልን የሚል ነው። ክፋት አልነበረብኝም። ኪሎዬን ነበር ማስመለስ የፈለግሁት።

ያላሰብኩት ነገር በዚያው ሚዛን ሕፃናት እንደሚመዘኑ ነው። የሽሮፕ መጠን የሚለካው በልጁ ኪሎ ነው። ጤና ቢሮ ግን አሰበው። ተቆጣጣሪ ሰኞ እንደሚመጣ፣ ሚዛኑ ተሳስቶ ከተገኘም ፋርማሲው እንደሚታሸግ ጻፉላት። ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። ፋርማሲስቷ ያንን ሱቅ ከአባቷ የእህል መጋዘን ያወጣችው አሥር ዓመት ለፍታ ነው። መደርደሪያውን ራሷ ቀለም የቀባችው፣ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ሁሉ በስሙ የምታውቅ ሴት ናት። አሁን እናቶች በሩ ላይ ቆመው ይንሾካሾኩ ጀመር። የደብዳቤዬን ቅጂ ልከውላት ኖሯል።

“እጅ ጽሑፍሽን አውቀዋለሁ እኮ፣ እትዬ” አለችኝ።  ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያጠፋሁትን ላስተካክል ብዬ ምርመራ ጀመርኩ። በመጀመሪያ ከዳቦ ጋጋሪው አሥር ኪሎ ዱቄት አሸክሜ ወስጄ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩ። አሥር አለ። ዳቦ ጋጋሪው ከሚዛኑ ጋር ተመሳጥሮ ይሆናል ብዬ ተመልሼ ሄድኩ።

“ሴትዮ፣ ዱቄቱ አሥር ኪሎ ነው፣ ሚዛኑም አሥር ይላል። ሌላ ምን እንዲል ነው የፈለግሽው?” አለኝ።

“ታዲያ እኛ ጎመን እየበላን እንዴት እንወፍራለን?”

ሰውዬው እጁ ላይ ያለውን ሊጥ አስቀመጠና ከት ብሎ ሳቀ። “ጎመን? ዳይሬክተሯ በየቀኑ ለቢሮ እንግዳ እያለች ስድስት ብስኩት ታስመጣለች። ምን ዓይነት እንግዳ ነው በየቀኑ የሚራብ? ዶክተሯ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ለበሽተኛ ብላ ጣፋጭ ዳቦ ትወስዳለች።”

“አላልኩም?” አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

“የአንቺን የሐሙስ ኬክ ልንገርሽ ወይስ ታውቂዋለሽ?”

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ የሐሙሱ ለምርመራው ነው አልኩት። ምርመራው ከመጀመሩ ስድስት ሳምንት በፊት የተበላውን ኬክ ግን ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። ለማንኛውም ግማሹ ተፈታ፤ ሁላችንም በየጓዳችን እንበላለን። ያልተፈታው ሌላው ነው። እየበላን ከወፈርን፣ ልብሳችን ለምን ሰፋ?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቁልፉ የወለቀ ካፖርት ይዤ ሁለት ጣት ዘንድ ሄድኩ። መኪናዋ ጋ የለችም። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ የዳይሬክተሯን ጉርድ ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ከንፈሯ ላይ ስፒል ደርድራ፣ የጎኑን ስፌት በምላጭ ትተረትራለች።

“ምን እየሠራሽ ነው?”

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ እጅጌዋ ላይ ሰካች። “ዚፕ” አለች።

“ዚፑ ከኋላ ነው።”

“እሱስ አዎ።” ምላጩን አስቀመጠች። “ያኔ ማኅበሩን ስትጀምሩ ዳይሬክተሯ እዚህ መስታወት ፊት ቆመች። ቀሚሱ ዳሌዋ ላይ ቀረ። ስድስት መቶ ልጅ የሚንቀጠቀጥላት ሴት እዚህ በውስጥ ልብሷ ቆማ አለቀሰች። ‘ዚፑ ተበላሽቷል፣ ነገ ነይ’ አልኳት። በማግስቱ ስትለብሰው ልክክ አለላት፣ እየሳቀች ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለቁልፍም ይሁን ለዚፕ፣ የመጣውን ልብስ ሁሉ ትንሽ ለቀቅ አደርገዋለሁ። ማንን ጎዳሁ?”

“የኔንም?”

“የአንቺን ሦስት ጊዜ።”

እዚያው በርጩማው ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። መንገዱን ተሻግሬ “ሚዛኑ ልክ ነው!” ብዬ መጮህ ነበረብኝ፤ አሥር እርምጃ ነው። ነገር ግን ሚዛኑ ልክ ከሆነ እኔ ሰማንያ ሦስት ኪሎ ነኝ። እስከ ሰኞ አንድ መላ ይገኛል ተባብለን ካፖርቴን ትቼ ወጣሁ። ፋርማሲስቷ በመስታወቱ ውስጥ ሆና እጇን አውለበለበችልኝ። አፈርኩ፤ ግን መንገዱን ሳልሻገር ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እኛ ተመዝነን እንደጨረስን ፋርማሲው በእናቶች ሞላ። አንዷ ግማሽ የተጠጣ የሽሮፕ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። “ዶክተር፣ የልጄ ትኩሳት አልወርድ ያለው በሚዛንሽ ነው ይላሉ። እውነት ነው ወይ?” አለች። ፋርማሲስቷ ወደ ሚዛኑ ዞረች። ዳይሬክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች።

“ይቅርታ፣ ጓደኛዬ ብትሆንም እውነቱ መነገር አለበት። ያቻትላችሁ” አለች ወደ አግዳሚው እየጠቆመች፣ “ኬክ እየበላች አሥር ኪሎ ቀንሳለች! ይኼ ሚዛን ነው?”

ሁለት ጣት የያዘችውን ኬክ ወረቀቱ ላይ አስቀምጣ ተነሳች።

“ሚዛኑ አልዋሸም” አለች። “የዋሸሁት እኔ ነኝ። እስቲ የቀሚስሽን ጎን ወደ ውጭ ገልብጪው።”

ዳይሬክተሯ ግራ ገብቷት የወገቧን ጠርዝ ገለበጠች። እናቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው አዩ። ከአዲሱ ስፌት ጎን የድሮው መርፌ የበሳው መስመር አለ፤ ከዚያ ጎን ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ቀሚሱ ሦስት ጊዜ ተለቋል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጠርሙስ ያመጣችው እናት ጠርሙሷን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና “አይ ዶክተር፣ ይቅር በይኝ” አለች። እኔም በሳቁ መሀል ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ የልብሱንም ነገር ከሐሙስ ጀምሮ ማወቄን ተናገርኩ። ዳይሬክተሯ ፊቷ ደም መስሎ፣ ከማን መጣላት እንደምትጀምር ቸግሯት ቆመች።

“ታዲያ እኔ አሁን ስንት ነኝ ማለት ነው?”

“ሰባ ዘጠኝ ተኩል!” አለች ፋርማሲስቷ። ሳምንቱን ሙሉ ተሰብሮ የነበረው ድምጿ ተመልሷል። ካርዶቹን አንስታ እንደ ሎተሪ ታነብ ጀመር። “ሰባ ዘጠኝ ተኩል፣ ልክ ነው! እትዬ ሰማንያ ሦስት፣ ልክ ነው! የኔ ሰባ ሁለት፣ ልክ…”

አራተኛው ካርድ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሳቁ ገና አልበረደም ነበር። ካርዱን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ቀና ብላ ሁለት ጣትን አየቻት፣ እንደገና ካርዱን አየች። ሰባ። ስልሳ ሰባ። ስልሳ ሦስት። የዛሬው ሃምሳ ዘጠኝ ከስድስት።

“ውሃ ይጠማሻል?” አለቻት ዝግ ብላ።

“ማን የማይጠማው አለ?”

“ሽንትስ ቶሎ ቶሎ ይመጣብሻል?”

“ኧረ ዕድሜ ነው። ምን ነካሽ፣ ሰው ፊት?”

ፋርማሲስቷ ከባንኮኒው ወጥታ ጣቷን ያዘቻት፣ ወግታ አንዲት ጠብታ ደም ወሰደች። የደም መለኪያ መሣሪያው ቁጥር አልሰጠም፤ ከሚያነበው በላይ ነው የሚለው ምልክት ብቻ መጣ። “ስኳር ነው” አለች። “ቆይቷል፣ እህቴ። ዛሬውኑ ሆስፒታል እንሄዳለን።” እናቶቹን በትህትና አስወጣች። ተቆጣጣሪው ይዘጋዋል ብለን የፈራንለትን ሱቅ፣ በጠራራ ፀሐይ በገዛ እጇ ዘጋችው።

ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ የበሽተኛ ልብስ ሰጠቻትና ቀሚሷን እንድታወልቅ የረዳኋት እኔ ነበርኩ። ቀሚሱ ሲገለበጥ በሁለቱም ጎን መዳፍ ሙሉ ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ በጥንቃቄ ተሰፍቷል። የእኛን ስትለቅ የራሷን ስትሰበስብ ኖራለች።

“ታውቂ ነበር እንዴ?” አልኳት።

“መርፌው በእጄ ሆኖ እንዴት አላውቅም? ቀሚሱ ልክ እስከሆነ ድረስ ምንም የለብኝም እያልኩ ነው፣ እትዬ።” ከዚያ እንደ ሕፃን እጇን ዘርግታ አለበስኳት። ትከሻዋ አጥንት ብቻ ነበር። እኔ ለስምንት ሳምንት የቀናሁት በዚህ ትከሻ ነው። በቅናት ዓይን ሳያት ከርሜ አንድ ቀን “አሞሽ ይሆን?” አላልኳትም። 

ነርሷ ግድግዳው ሥር ያለው ሚዛን ላይ አወጣቻት። ሦስታችን ከኋላዋ ቆመናል። ሁለት ጣት ቁጥሩን አላየችም፤ አሻግራ መስኮቱን ታያለች።

“ሃምሳ ዘጠኝ ከስድስት” አለች ነርሷ።

ፋርማሲስቷ ከጋዋኗ ኪስ ካርዱን አወጣች። የሆስፒታሉ ሚዛን ከእሷ ሚዛን አንዲት ነጥብ አልተለየም። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሰው እንዲነግራት ስትጸልይ የነበረው ነገር ይኸው ነበር። ስምንት ሳምንት በገዛ እጇ ስትጽፍበት የነበረውን ካርድ እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ወዳለው አግዳሚ ሄዳ ተቀመጠችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች።