ማዶ የምንለው ቤት

ሰሞኑን በአንድ የምሳ ግብዣ ላይ ተቀምጬ ሳለ የእህቴ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አክስቴ፣ ፍሬሽ ልበልና መጣሁ» አለችኝና ተነሣች፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የበረኪና ሽታ ብቅ ብሎ ጠፋ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወንበሩ አልመች አለኝ። ሰው ሲያናግረኝ አዎ አዎ እላለሁ እንጂ ልቤ ሐረር ገብቶ፣ አቦከር ሰፈር ባደግኩበት ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር።

ግቢው የአይ ፋጡማ ነበር። አይ በሐረሪኛ እናት ማለት ነው፤ ትልቅ ትንሹ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። ትልቁ ቤት የእሳቸው፣ ከበሩ አጠገብ ያሉት ክፍሎች ደግሞ እኛ የተከራየናቸው ነበሩ፤ ከግቢው ማዶ፣ ከሮማኑ ዛፍ ጀርባ፣ በድንጋይ የታጠረ፣ ቆርቆሮው ንፋስ በነፈሰ ቁጥር የሚንኳኳ፣ ሁላችንም የምንጋራው ያ ቤት ነበር። አባቴ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበሩ። ኦሮምኛውንም ሐረሪኛውንም ወደ አማርኛ ሲመልሱት ተከራካሪዎቹ ራሳቸው የተናገሩት ነገር አምሮላቸው ፈገግ ይላሉ ይባል ነበር፤ የዚያን ቤት ስም ግን በየትኛውም ቋንቋ ከአፋቸው አያወጡም፣ እኛም እንዳናወጣ ተከልክለናል። «ማዶ ልሂድ» ነበር የምንለው። እናቴ እንግዳ ካለ እሱም ይከብዳትና «እጄን ልታጠብ» ትላለች። አይ ፋጡማ በዐረብኛ «ቤተል ኸላ» ይሉታል፤ ባዶ ቤት ማለት ነው ብለው አስረድተውኛል፤ የውሃ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው፣ በሩ ላይ ዱዓ አድርገው፣ በግራ እግራቸው ይገባሉ። ሐኪም ከሚባለው ጋራ ወርዳ ወተት የምታመጣልን ሴት ጣሳዋን አስቀምጣ ድምፅዋን ሳትቀንስ በኦሮምኛ በግልጽ ስሙ «መነ ፊንጫኒ?» ብላ ስትጠይቅ አባቴን ሳል ይይዛቸዋል። ትምህርት ቤት ደግሞ በእንግሊዝኛ «ሜይ አይ ጎ አውት፣ ሰር» ካላልን አንወጣም ነበር፤ ትርጉሙን የነገረን ስላልነበረ የቤቱ ስም መስሎን «ሜያይጎዋውት ውስጥ እንሽላሊት አየሁ» እንባባል ነበር።

ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም የማይገባት ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ ብቻ ነበረች። ሆስፒታል የድሬሰርነት ትምህርት ጀምራ በሽተኛን ፊት ለፊት «ሽንትዎ እንዴት ነው?» ማለት ለምዳ ነበር፤ ቤት ውስጥም አንዳንዴ ሲያመልጣት አባቴ ከገበታ ይነሣሉ።

አንድ እሑድ ከድሬዳዋ ለጥሩወርቅ ሽማግሌ መጣ። ልጁ ምድር ባቡር የሚሠራ፣ በደህና ቤተሰብ ያደገ ነው ተብሎ አባቴ በሐሳቡ ደስ ብሏቸዋል፤ ጥሩወርቅ ግን ከሩቅ ከማየት በቀር አነጋግራው ስለማታውቅ እሺም እንቢም አላለችም፣ የጠየቃትም አልነበረም። የሽማግሌዎቹ አለቃ ባላምባራስ ወልዴ ነጭ ጢማቸው ደረታቸውን የሚነካ አዛውንት ነበሩ። የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ሙቀቱ አስጠምቷቸው መንገዱን ሙሉ ውሃ ሲጠጡ መጥተዋል፤ እናቴ ደግሞ የጠላ ብርጭቋቸው ሳይጎድል ትሞላዋለች። እኔና ጥሩወርቅ ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቀን በቀዳዳ እናያለን።

ጥያቄው ቀረበ። አባቴ እንደ ወጉ «እንማከርበታለን» አሉ። ባላምባራስ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ጎናቸው እየዞሩ፣ ጉልበታቸውን እያሹ ቆዩና «እስቲ ትንሽ ነፋስ ልቀበል» አሉ። አባቴ ብድግ ብለው መስኮቱን ከፈቱላቸው። ትንሽ ቆይተው «እግሬን ባፍታታው ይሻለኛል» አሉ።

«በሞቴ ይዘርጉት! ቤትዎ አይደለም እንዴ!» ብለው አባቴ ዱካ አቀረቡላቸው።

ባላምባራስ ዱካውን በሐዘን አዩት። ከዚያ በድንገት ተነሡና «እኔ ወጣ ልበል» አሉ። አባቴ ክው አሉ፤ እንማከር በመባላቸው የተቀየሙ መሰላቸው።

«ኧረ ባላምባራስ፣ በምን አስቀየምንዎት? እንማከር ማለታችን እኮ እንቢ ማለታችን አይደለም!» ብለው ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። ሌሎቹም ሽማግሌዎች «ይቀመጡ እንጂ፣ ገና ጨዋታው ሳይጀመር!» አሉ። እናቴም ማስታረቋ ነው መሰለኝ ጠላ ጨመረችላቸው።

ጥሩወርቅ ከጎኔ መቆም አቃታት። አንዴ ቁጭ አንዴ ብድግ ትላለች፣ ሻሿን ትፈታለች መልሳ ታስራለች። «ሰውዬው ሽንታቸው ይዟቸዋል» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በዪ፣ አባባ ይሰሙሻል!» ብዬ የቀሚሷን ጫፍ ያዝኩ።

«ይሞታሉ እኮ!» አለችኝና ቀሚሷን ከእጄ መንጭቃ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። በሽማግሌ ፊት መታየት የሌለባት የምትጠየቅ ልጅ መሐል ቤት ቆማ «ባላምባራስ፣ ሽንት ቤቱ ከሮማኑ ዛፍ ጀርባ ነው፤ ይምጡ ላሳይዎት» አለች።

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አባቴ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። እኔ ያን ጊዜ ጋብቻውም የአባቴም ክብር አብሮ ያለቀ መሰለኝ። ባላምባራስ ግን ማንንም ሳይጠብቁ በሩ ጋ ደርሰዋል። በመስኮቱ አየኋቸው፤ ጥሩወርቅ ፊት ፊት፣ እሳቸው ካባቸውን ሰብስበው ዱብ ዱብ እያሉ ከኋላ። አይ ፋጡማ ከቤታቸው ብቅ ብለው ነገሩ ሳይነገራቸው ገባቸውና ማንቆርቆሪያቸውን «እንኩ፣ ቢስሚላህ» ብለው አቀበሏቸው።

ቤት ውስጥ አንደኛው ሽማግሌ «የዘንድሮ ልጅ!» ብለው አጉረመረሙ። አባቴ ላባቸውን እየጠረጉ «ሆስፒታሉ ነው ያበላሻት» ሲሉ የተጨነቀ ድምፃቸው እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ጥሩወርቅ ወደ መጋረጃው ጀርባ ስትመለስ ባላምባራስ ፊታቸው በርቶ ገቡ። ተቀመጡ፣ ካባቸውን አስተካከሉ።

«አቶ በቀለ» አሉ፣ «እዚህ ከተቀመጥኩ ጀምሮ የለመንኩዎት አንድ ነገር ነው። አስተርጓሚ ነዎት ሲሉኝ ነበር፤ የገባት ግን ልጅዎ ናት። እንግዲህ ጥያቄያችንን አሁን ተረጋግቼ ልድገመው።»

መጀመሪያ እናቴ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም፤ አባቴ ከሁሉ በኋላ፣ በግድ። ባላምባራስ ሳቁ ሳያበቃ ወደ መጋረጃው ዞረው ማንም ያልጠበቀውን ጠየቁ፤ «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

«ልጁ ሲቸግረው የሚናገር ከሆነ፣ እሺ» አለች ጥሩወርቅ።

የሚናገር ነበር። ድሬዳዋ ወስዷት ብዙ ዓመት ተደስተው ኖሩ። አባቴ ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሡም፤ ከዓመታት በኋላ ግን ታመው ከሌላ አገር ለመጣው ሐኪም «ማዶው ትንሽ አስቸገረኝ» እያሉ ሕመማቸው ሳይታወቅ ከስተው ሲያልቁ፣ «ጥሩወርቅን ጥሩልኝ» ያሉት ራሳቸው ናቸው። መጣች፣ በሩን ዘግታ አብራቸው ተቀመጠች። በየትኛው ቃል እንደ ተነጋገሩ አላውቅም። ስትወጣ ለሐኪሙ ሁሉንም ነገረችው፤ አባቴም ኦፕራሲዮን ተደርገው ዳኑ፣ ልጆቿንም አቅፈው አዩ።

ዛሬ አባቴም እናቴም አይ ፋጡማም የሉም፤ ጥሩወርቅም ካረፈች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። እሷን ከቀበርን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ ባለፈው ዓመት ብድግ ብዬ ሐረር ሄድኩ። የግቢውን በር ሳንኳኳ አንዲት ወጣት ከፈተችልኝና «ምን ፈልገው ነው፣ እማማ?» አለችኝ። ያደግኩበት ቤት ነው ብላት የይገባኛል ጥያቄ ይዛ መጣች እንዳትል ፈራሁ።

«መንገደኛ ነኝ ልጄ፤ ሽንት ቤት ብታስጠቅሚኝ» አልኳት።

አዝናልኝ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ግቢው በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ዛፉ የለም፤ በስተማዶ ያለው ቤት ነጭ ሸክላ ተለጥፎበታል። መብራቱን አበራችልኝና ወጣች። ምንም አልያዘኝም ነበር። በሩን ዘግቼ እጄን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ቆምኩ፤ እንዳትጠረጥረኝም ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል።

«እማማ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ ከውጭ።

«አዎ ልጄ፣ መጣሁ» አልኳት፤ እግሬ ግን ውጣ ቢሉት እንቢ አለ።